ከአገዳ ወደ ናኖ ካርቦን፦ ከሸዋ ሮቢት ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከሸዋ ሮቢት አካባቢ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «እትዬ፣ በኬሚስትሪ ተመርቄ ሥራ አላገኘሁም። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር በማኅበር ልንደራጅ እያሰብን ነው። ከገለባና ከአገዳ ግራፊንና ካርቦን ናኖቲዩብ እንደሚሠራ በቪዲዮ አየን። የማሽላ አገዳ እዚሁ ሞልቷል፤ የጤፍ ገለባም ከደጋው ማስመጣት እንችላለን። አንድ ምድጃና አንድ ፕሬሸር ድስት ብንገዛ መጀመር እንችላለን ወይ? የቱስ ይሸጣል?»

ወንድሜ፣ ከአገዳ ናኖ ካርቦን ይሠራል፤ ይህ እውነት ነው። ቪዲዮው ላይ ያያችሁት ግራፊንና ናኖቲዩብ ግን በአንድ ምድጃና በአንድ ድስት አይወጣም። ከእጃችሁ ሊወጣ የሚችለው ሌላ ዓይነት ካርቦን ነው፤ ውስጡ በናኖሜትር (በሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) በሚለካ ቀዳዳ የተበሳሳ፣ ፈላጊም ያለው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህና ልትሞክሩት የምትችሉትን አሠራር ከነልኬቱ እጽፍልሃለሁ። ስለ ፕሬሸር ድስቱ ግን ከአሁኑ ልንገርህ፤ እሱን አትግዙ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ታገኘዋለህ።

ገለባውንም እንተወው። እኔ የጅሩ ልጅ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የጤፍ ገለባ ፈልጌ እነዋሪ የሄድኩ ጊዜ እናቴ አንድ ጆንያ ሞልታ ሰጠችኝ። ምን እንደማደርገው ስነግራት ግን የጆንያውን አፍ እንደያዘች ቆመች። «ልታከስይው? ይኼ እኮ የበሬው የግንቦት ምግብ ነው» አለችኝ። ግማሹን መልሼ ክምሩ ላይ ደፋሁላት። በጥናት ጽሑፍ ላይ «የግብርና ተረፈ ምርት» ተብሎ የሚጠቀሰው ነገር እኛ አገር አብዛኛው ባለቤት አለው። የጅሩ ሰንጋ የሚሰባው በጤፍና በጓያ ገለባ ነው። ጭዱ ከጭቃ ጋር ይቦካል፤ ግድግዳ ይሆናል። ኩበቱ ይነዳል። ከደብረ ብርሃን ቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው የብቅል አተላ ለወተት ላም ይገዛል። የማሽላ አገዳም ቢሆን ከብት ይበላዋል፤ አጥርና ማገዶም ይሆናል። እናንተ ገለባ መግዛት ብትጀምሩ የምትሻሙት ከከብቱ ጋር ነው፤ በበጋ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ የሚጎዳው አርቢው ነው። ይህን የምለው ጥሬ ዕቃ መምረጥ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ውሳኔ ስለሆነ ነው። ዋጋው ከወቅት ወቅት የሚዘልል ጥሬ ዕቃ ይዞ የተረጋጋ ምርት ማውጣት አይቻልም።

ታዲያ ማንም የማይፈልገው ምንድን ነው? በየእንጨት ቤቱ የሚቆለለው ሰጋቱራ አለ። የጫት ገራባ አለ፤ በተለይ ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ የሚጣለው ጠንካራው እንጨቱ። የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ። የማሽላ አገዳውንም ካነሳህ፣ ከብት የማይደርስበትና ሲታረስ ተነቅሎ የሚቃጠለው ወፍራም ሥረ ግንዱ ይሻላል። የሽንኩርት ልጣጭም ሸዋ ሮቢት ላይ አታጡም፤ እሱ ለሌላ ሥራ ይሆናል፤ እመለስበታለሁ። ቆላው ላይ መንገድ ዳሩን የወረረው ቅንጨ የሚባለው አረምም ሰው ሁሉ እንዲጠፋ የሚፈልገው ነው። እሱን ግን እንድትጀምሩበት አልመክርም። ቆዳ ያሳክካል፣ መተንፈሻም ያውካል፤ አበባው ካበበ በኋላ ካመጣችሁት ደግሞ ዘሩን እስከ ግቢያችሁ ተሸክማችሁት ትመጣላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጋቱራውን ወይም ገራባውን ያዙ። እንጨታም ነገር አመዱ ትንሽ ነው። የእህል ገለባና ቅርፊት ግን ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) አለበት፤ የሩዝ ገለፈትን ብታቃጥል ከክብደቱ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋው አመድ ሆኖ ይቀራል፣ አመዱም አብዛኛው ሲሊካ ነው። ሲሊካውን ለማውጣት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መቀቀል ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ወጪ፣ ተጨማሪ ፍሳሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ ግራፊኑ እንምጣ። ግራፊን አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማንቸስተር ላይ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ለይተው ሲያወጡት ከግራፋይት ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ነው የላጡት፤ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል አገኙበት። ልብ በል፣ ግራፋይቱ ውስጥ ንጣፎቹ ቀድመው ተደርድረው ነበር። እነሱ ያደረጉት መላጥ ነው። አገዳና እንጨት ግን ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን የተሠሩ ናቸው፤ ኦክስጅን ሞልቶባቸዋል፣ የተደረደረ የካርቦን ንጣፍ የለባቸውም። አየር ሳይገባ ስታከስላቸው ሄሚሴሉሎሱ ከ220 እስከ 315 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይፈርሳል። ሴሉሎሱ ከ315 እስከ 400 ድረስ ይከተላል። ሊግኒኑ ከ160 ጀምሮ እስከ 900 ዲግሪ ድረስ እያዘገመ ይሄዳል። ኦክስጅኑና ሃይድሮጂኑ እንፋሎት፣ ጭስና ጋዝ ሆነው ሲወጡ የቀረው ካርቦን እዚያው ባለበት እርስ በርሱ ይያያዛል። ሳይቀልጥ ነው የሚደርቀው። ሬንጅ መሰል ነገር ሲከስል መጀመሪያ ይፈሳል፤ ንጣፎቹ ተንሸራተው ለመደርደር ጊዜ ያገኛሉ። እንጨት ይህን ዕድል አያገኝም፤ ትናንሽ ንጣፎቹ በየአቅጣጫው ተጨማደው ይቀራሉ። ከሰል ስትሰብር የእንጨቱን ጭረት እንዳለ የምታየውም ለዚህ ነው።

ይህን ነገር በሥርዓት ያሳየችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት፤ በኋላ በዲኤንኤ ሥራዋ የታወቀችው። እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣችው ጥናት ካርቦኖችን ግራፋይት የሚሆኑና የማይሆኑ ብላ ለየቻቸው። የማይሆኑት እስከ 3,000 ዲግሪ ብታሞቃቸው እንኳ አይሆኑም። ብረት ወይም ኒኬል ጨምሮ ከ800 እስከ 1,100 ዲግሪ ባለው ሙቀት የተወሰነውን ክፍል ማስደርደር ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ብረቱን በአሲድ አጥቦ የማውጣት ሥራ ይመጣል። ናኖቲዩብም፣ ማለትም እንደ ቱቦ የተጠቀለለው የካርቦን ንጣፍ፣ እንዲሁ ነው። የብረት፣ የኮባልት ወይም የኒኬል ቅንጣት ላይ ካርቦን ያዘለ ጋዝ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ አካባቢ እየፈሰሰ ቲዩቡ እንዲያድግ ይደረጋል። የጋዝ ሲሊንደር፣ የቱቦ ፈርነስ (ቱቦ ቅርጽ ያለው የከፍተኛ ሙቀት ምድጃ)ና የሚፈነዳ ጋዝ ጥበቃ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የናኖቲዩብ ብናኝም ቀላል አይደለም፤ ረጃጅምና ጠንካራ የሆኑት ዓይነቶች በሳንባ ላይ የአስቤስቶስን ዓይነት ጉዳት እንዳያደርሱ ይፈራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም አንዱን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2014 ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት ጎራ መድቦታል። ቪዲዮው ምናልባት እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳወቁት፣ የምግብ ትራፊ ሳይቀር በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወደ ግራፊን የሚለውጠው ዘዴ ከሆነ፣ እሱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ወደ 3,000 ዲግሪ የሚያደርሰው የኤሌክትሪክ ክምችት ሰው የሚገድል ነው። በማኅበር ቤት የሚነካ አይደለም።

እንግዲህ እንጨት በጠባዩ የሚሆነው የተጨማደደ፣ በንጣፎቹ መካከል ክፍተት የተረፈው ካርቦን ነው። እኔ ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱን በኬሚካል ከፍተህ ስታሰፋው፣ ከ2 ናኖሜትር የሚጠብቡ ቀዳዳዎች የሞሉበት አክቲቬትድ ካርቦን ይሆናል። የአንዱ ግራም የውስጥ ስፋት 1,000 ካሬ ሜትር መድረሱ የተለመደ ነው። ባላገር በሚገባው መለኪያ ላስቀምጥልህ፦ አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ብንል፣ ሁለት ግራም ተኩል ዱቄት ውስጥ አንድ ጥማድ ማሳ ታጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው። መርዝ፣ ቀለም፣ ሽታ የሚጣበቀው እዚያ ማሳ ላይ ነው።

ቀዳዳውን ለመክፈት ብዙ ጥናቶች ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጠቀማሉ፤ ከ2,000 ካሬ ሜትር በላይም ያስገኛል። ለእናንተ ግን አልመክረውም። ከ700 እስከ 850 ዲግሪ በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ ይሠራል፤ በሂደቱ የፖታሲየም ብረት ይፈጠራል፣ ያ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይቀጣጠላል። ዕቃውንም ይበላዋል። ለእናንተ የሚሆነው ፎስፎሪክ አሲድ ነው። ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ይበቃዋል። ናይትሮጅን ሳይኖርህ ክዳን ባለው፣ እሳት በሚችል ጽዋ (ክሩሲብል)፣ በተራ የኤሌክትሪክ ፈርነስ ይሠራል። በዓለም ላይ ከእንጨት የሚመረተው አክቲቬትድ ካርቦን ብዙው የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰጋቱራውን በወንፊት ንፉ፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያዙ። ገራባ ከሆነ በሙቀጫ ውቀጡት። በውኃ እጠቡትና ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁት፤ ለዚህ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ከደብረ ብርሃን ውርጭ ይሻላችኋል። ከደረቀው 100 ግራም መዝኑ። በገበያ የሚገኘው 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ስለሆነ፣ ለ100 ግራም ሰጋቱራ ንጹሕ አሲዱ 150 ግራም እንዲሆን 176 ግራም ያህል መዝናችሁ ከ120 ግራም የተጣራ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውኃው፣ በዝግታ። ጓንትና የዓይን መነጽር አይቀርም። ሰጋቱራውን በዚያ አርሳችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። በማግሥቱ በ110 ዲግሪ ስታደርቁት እየጠቆረ፣ እየተጣበቀ፣ በመጨረሻ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጓል ይሆናል። አልተበላሸም፤ አሲዱ ሴሉሎሱን ከውኃ ጋር እያላቀቀው ነው። ያ ጥቁር ጓል የማይደፈር ሲመስል ተስፋ የሚቆርጡ ተማሪዎች አይቻለሁ። በእንጨት ማንኪያ ፈርፍራችሁ ጽዋው ውስጥ አጭቃችሁ ሙሉትና ክዳኑን ግጠሙ። ባዶ ቦታ መተው አየር መተው ነው፤ አየር ካለ ካርቦኑ ይነዳል፣ የሚተርፋችሁ አመድ ነው። የከሰል አክሳይ ሰው እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር የሚደፍነው ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ይገባሃል፤ የእናንተም ጽዋ ያ ክምር ነው።

ፈርነሱ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ ወደ 450 ይድረስ፤ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ይቆይ። የሚወጣው ጭስ አሲድ አለበት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም እንዲሁ። ሰው በከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ተኝቶ እንደሚሞት ታውቃለህ፤ ይህም ያው ጋዝ ነው። ፈርነሱ ደጅ ላይ፣ ጣሪያ ባለው ክፍት መጠለያ ሥር ይቀመጥ። ጽዋው እዚያው ፈርነሱ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከከፈታችሁት ይቀጣጠላል። ከዚያ ዱቄቱን በሙቅ የተጣራ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ የመታጠቢያው ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 6 እስኪሞላ ድረስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል። አሥር ጊዜም ሊወስድ ይችላል። ያልታጠበ አሲድ ቀዳዳውን ደፍኖ ይቀመጣልና የሁለት ሰዓት እጥበት በመዝለላችሁ ምርታችሁ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ከ100 ግራም ሰጋቱራ ከ35 እስከ 45 ግራም ካርቦን ካገኛችሁ ደህና ነው።

የእጥበቱን ውኃ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት። የመጀመሪያው እጥበት አብዛኛውን አሲድ ይዟል፤ አስቀምጣችሁ ለሚቀጥለው ዙር በእሳት አወፍሩት። የቀጠነውን በኖራ አክሙት፤ ፎስፌቱ ከካልሲየም ጋር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ፎስፌት በራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ የሮቢ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን አልጌ ያበዛል፣ አልጌው ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

ያወጣችሁት ነገር ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በዓይን አይደለም፤ ከሰልም አክቲቬትድ ካርቦንም ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የመጀመሪያው መፈተኛ ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ነው። ሦስት ብርጭቆ ላይ እኩል ቀለም ቅዱ። አንዱን ባዶውን ተዉት፤ አንዱ ላይ ከማገዶ ከሰል የተፈጨ፣ አንዱ ላይ የእናንተን ዱቄት እኩል መዝናችሁ ጨምሩ፣ አንቀጥቅጡና አጥልሉት። የከሰሉ ብርጭቆ ሰማያዊነቱ ፈዘዝ ይል ይሆናል። የእናንተ በትክክል ከሠራችሁ ከቧንቧ እንደተቀዳ ውኃ ይጠራል። እኔ ይህን ስንት ጊዜ አይቼው ዛሬም ስመለከተው ደስ ይለኛል።

ገዢ የሚጠይቃችሁ ግን የአዮዲን ቁጥር ነው፤ አንድ ግራም ካርቦን ስንት ሚሊ ግራም አዮዲን እንደሚይዝ ማለት ነው። በዋናነት የሚያስፈልገው የአዮዲን መፍትሔ፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ስታርችና ቢዩሬት (ልኬት ያለው ማንጠባጠቢያ ቱቦ) ነው፤ አንተ ተማሪ ሳለህ የሠራኸው ቲትሬሽን ነው፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ለውኃ ማጣሪያ የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ 900 አካባቢና ከዚያ በላይ ናቸው። ከዚያ እርጥበቱ፣ አመዱ፣ ፒኤቹና የቅንጣቱ መጠን ይለካል። የካርቦኑን አደራደር የሚያሳዩት ራማን (በሌዘር ብርሃን) እና ኤክስሬይ ዲፍራክሽን፣ በናይትሮጅን የሚለካው የወለል ስፋትም ለጥናት ጽሑፍ ይጠቅማሉ፤ እነሱን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግራችሁ በናሙና ማስለካት ነው፣ ደብረ ብርሃን ለእናንተ ቅርቡ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ፦ ራማን ላይ በ1,350 እና በ1,580 አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ብቻ ካየህ፣ ያ ያልተደረደረ ካርቦን ነው። ያንን «ግራፊን» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ አትግዙት፤ እናንተም በዚያ ስም አትሽጡ።

የማይሠራበትንም ልንገርህ። አክቲቬትድ ካርቦን ፍሎራይድን በደንብ አይዝም። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ፣ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ታያለህ። ለእነሱ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ነው፤ ፍሎራይዱን የሚይዘው በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው። ጀርምም አይገድልም። ቀለም፣ ሽታ፣ ክሎሪን፣ የፀረ ተባይ ቅሪት ላይ ግን ጎበዝ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚረጭ ገበሬ ስንት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የሽንኩርቱን ልጣጭ ያቆየሁት ለካርቦን ዶት ነው። እነዚህ ከ10 ናኖሜትር የሚያንሱ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር የሚያበሩ የካርቦን ቅንጣቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎች ናኖቲዩብ ሲያጸዱ በአጋጣሚ አገኟቸው። ልጣጩን ከውኃ ጋር፣ ውስጡ ቴፍሎን በሆነ የብረት ኦቶክሌቭ (ግፊት የሚችል ዝግ ዕቃ) ውስጥ በ180 ዲግሪ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ማቆየት ነው። ቡናማ ውኃ ይወጣል፤ የብር ኖት መፈተሻ መብራት ሥር ስታደርገው ሰማያዊ ይፈነጥቃል። ደስ ይላል። ብዙ ሰውም እዚያ ላይ አቁሞ «ሠራሁ» ይላል። አንድ ዓመት እኔ የማማክራት ተማሪ ቅጠል በአልኮል ዘፍዝፋ፣ አሙቃ፣ ቀይ የሚያበራ ብልቃጥ ይዛልኝ መጣች። ያልሞቀውን የቅጠል ጭማቂ አምጪ አልኳት። መብራቱ ሥር ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናቆም እኩል ቀይ አበሩ። ያበራው ክሎሮፊሉ፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ነበር። ልጅቷ እንባዋ መጣ፤ እኔም አዘንኩ፤ የሦስት ወር ሥራ ነበር። የሽንኩርት ልጣጭም ኩዌርሴቲን የሚባል በራሱ ሊያበራ የሚችል ነገር አለው። ስለዚህ ሁልጊዜ ያልሞቀውን አጠገቡ አስቀምጡ፤ ከዚያ በዳያሊሲስ ከረጢት (ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ከረጢት) አንድ ሁለት ቀን አጥባችሁ፣ ብርሃኑ ከረጢቱ ውስጥ ቀረ ወይስ ከመታጠቢያው ውኃ ጋር ወጣ የሚለውን እዩ። ከወጣ ተራ ሞለኪውል ነው። የብረት አዮን ሲጨመር ብርሃኑ መጥፋቱንም «የውኃ መመርመሪያ ሠራን» ለማለት አትቸኩሉበት፤ ብረቱ ራሱ ያንን ብርሃን ስለሚውጥ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ካርቦን ዶት ለመማር ጥሩ ነው፤ ዛሬ እንጀራ የሚያበላችሁ ግን አይደለም።

አሁን የፕሬሸር ድስቱ ነገር። ውኃ በ180 ዲግሪ ሲታመቅ 10 ባር ግፊት ይሠራል፣ በ200 ከ15 በላይ፣ በ220 ደግሞ 23 ባር ይደርሳል። የወጥ ቤት ፕሬሸር ድስት ከውጪው አየር በላይ የሚጨምረው 1 ባር ያህል ነው። በባሕር ወለል 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን አየሩ ቀጭን ስለሆነ ክፍት ውኃ ከ90 እምብዛም ሳይዘል ይፈላል፣ ድስቱም 115 ላይ ይቀራል። እናንተ ዝቅ ብላችሁ ስለምትኖሩ ትንሽ ይሻላችኋል እንጂ 180 አይደርስም። ቫልቩን ደፍኖ ማድረስ ይቻላል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የብረት ቱቦ በብየዳ ደፍነው እሳት ላይ የጣዱ ሰዎች የሠሩበት ክፍል በሩ ተገንጥሎ አይቻለሁ፤ ሰው ያልሞተው ለምሳ ወጥተው ስለነበር ነው። ትክክለኛውን ኦቶክሌቭም ቢሆን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት፤ ውኃ ሲሞቅ ያብጣል፣ የሚያብጥበት ቦታ ካጣ ብረቱን ይገፋል። ሳይቀዘቅዝም አይከፈትም፤ ሌሊቱን ማሳደር ነው።

ወደፊት የሚታይ አንድ መንገድ አለ። ግራፋይት የማይሆነው ካርቦን ከ1,000 እስከ 1,400 ዲግሪ በአርጎን ውስጥ ሲሞቅ ሃርድ ካርቦን ይባላል፤ በሶዲየም ባትሪ ውስጥ አሉታዊው ጫፍ የሚሠራው በእሱ ነው። ሶዲየም ግራፋይት ውስጥ በቅጡ አይገባም፤ በተጨማደደው ካርቦን ክፍተት ውስጥ ግን ይገባል፣ በግራም 300 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። በዓለም ላይ ትልልቆቹ ባትሪ አምራቾች ወደዚህ እየገቡ ነው። ለግራፊን አልሆን ያለው ሥርዓት ማጣት እዚህ ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው። የቱቦ ፈርነስና የባትሪ ላብራቶሪ ስለሚጠይቅ ለብቻችሁ አትችሉትም። ካርቦናችሁን በየጊዜው አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ማውጣት ከቻላችሁ ግን ተመራማሪ ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

ገበያውን በተመለከተ፣ አክቲቬትድ ካርቦን የውኃ ማጣሪያ ያለው ሁሉ፣ ስኳርና የምግብ ዘይት የሚያጣራ፣ ወርቅ የሚያወጣ ሁሉ የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በቶን ስለሚገዙና በየጭነቱ ስለሚፈትሹ መጀመሪያ እነሱ ጋ አትሂዱ። የቤት ማጣሪያ ገጣጥመው የሚሸጡ፣ ትንንሽ ቀለም ነካሪዎች፣ የላብራቶሪ ትምህርት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ይቀርቧችኋል። ለሚጠጣ ውኃ ከመሸጣችሁ በፊት ግን ምርቱ ከባድ ብረት እንደሌለበት ተፈትሾ የጥራት ማረጋገጫ ያግኝ። ይህን የምታልፉበት አቋራጭ የለም፤ ውኃውን የሚጠጣው ሕፃንም ነው።

ፈርነስ ለመግዛትም አትቸኩሉ። መጀመሪያ በሰው ፈርነስ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ፣ ከሰጋቱራ፣ ከገራባና ከቆረቆንዳ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ ሥሩ። በአምስቱ ዙር የአዮዲን ቁጥሩ ተቀራራቢ ከሆነ ሥራ ይዛችኋል። ከተራራቀ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማድረቁና ማጠቡ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ዙር ክብደት፣ ሙቀትና ሰዓት በደብተር ጻፉ፤ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ቁጥሮቹን ስታገኙ ላክልኝና አብረን እናያቸዋለን፤ ሰጋቱራው የጥድ ይሁን የባሕር ዛፍ እሱንም ጠይቀህ ጻፍልኝ።